ስምንት ዳዶ፣ ሦስት ስብራት

አሮጌዋን ፒክአፕ ይዤ መታገል ከጀመርኩ ሦስተኛ ወር ሆነኝ። የሰሞኑ ሥራ ስሙ ሲጠራ ቀላል ነው፤ የጭስ ማውጫውን ጓርኒሲዮን፣ ጭስ እንዳያመልጥ በመጋጠሚያው መሀል የሚገባውን ማሸጊያ፣ መቀየር። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ከዚያ ነበር የሚመጣው። ስምንት ዳዶ መፍታት፣ መቀየር፣ መልሶ ማሰር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብዬ ገምቼ ነበር። ይኸው አሥራ አንደኛ ቀኔን ይዣለሁ።

አምስቱ ወጡ። ሦስቱ ቡሎኑን ይዘው ተሰበሩ።

የመጀመሪያው ጥፋት ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። ዝገት ማላቀቂያ ረጨሁና አሥር ደቂቃ እንኳ ሳልጠብቅ ረጅም እጀታ አስገብቼ ተጫንኩት። ዳዶው ትንሽ ዞረ። «እሰይ፣ ለቀቀ!» አልኩ። አልለቀቀም ነበር። የሚለቅ ዳዶ መጀመሪያ ይጮሃል፣ ቋ ይላል፣ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። ሊበጠስ ያለ ቡሎን ግን ዝም ይላል። እጅ ላይ እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል። ያ ልስላሴ ብረቱ እየተጠመዘዘ መሆኑን ነው የሚናገረው። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። ቀጭ።

አሁን ያ ልስላሴ ሲሰማኝ ወዲያው አቆማለሁ። መልሼ ትንሽ አጠብቀዋለሁ፣ ዘይት እጨምራለሁ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ወደኋላ፣ ሩብ ዙር ወደፊት። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ይነክሳል። ወዲያ ወዲህ ማለቱ ያንን ዝገት ይፈጨዋል፣ ለዘይቱም መግቢያ ይከፍትለታል። ማታ ረጭቶ እስከ ጠዋት መተው ደግሞ ከጉልበት ሁሉ ይበልጣል። ቡሶላውም፣ ዳዶው ላይ የሚሰካው መፍቻ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ይሁን። ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ዳዶ ጠርዝ ላይ ተንሸራቶ ክብ ያደርገዋል።

ወደ ስብራቱ ልመለስ። ቡሎኑ ከቴስታታው (ቡሎኖቹ ከተተከሉበት የሞተሩ ራስ) ፊት ጋር እኩል ሆኖ ነበር የተቆረጠው። መሀሉን በስቼ የተሰበረ ቡሎን ማውጫውን፣ ያንን በግራ የሚነክሰውን ጠምዛዛ ብረት፣ አስገባሁ። እሱም ውስጥ ተሰበረ! ሲያስቡት ያስቃል። በስምንት ሚሊ ውፍረት ያልዞረ ነገር በአራት ሚሊ ቀጭን ብረት ይዞራል ብሎ ማሰብ ምን ይባላል? ያ መሣሪያ የሚጠቅመው ቡሎኑ ከልክ በላይ ጠብቆ ሲበጠስና ቀሪው ያልተጣበቀ ሲሆን ነው። ዝገት ለያዘው አይሆንም። ማውጫው ደግሞ በጣም የጠነከረ ብረት ስለሆነ ተራ ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) አይበሳውም። አንድ ችግር ነበረኝ፣ ሁለት አደረግኩት።

ሁለተኛው ሲሰበር አራት ሚሊ ያህል ወጣ ብሎ ቀረ። እዚህ ላይ ብየዳ የሚችል ወዳጄ ደረሰልኝ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታን፣ በጉቶው ላይ ዳዶ አስቀመጠና ቀዳዳውን በብየዳ ሞላው። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ የብረት ብየዳ አይይዘውም። ሁለት ጊዜ ዳዶው ብቻውን ተገንጥሎ መጣ። በሦስተኛው ቅላቱ እስኪጠፋ ጠበቅን፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ወዲያ ወዲህ አልኩት። ጩኸቱን ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ የሚል የዝገት ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሥራውን የሚሠራው መያዣው ብቻ አይደለም፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል።

ስለ እሳት ካነሳሁ አይቀር፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ ለተቀረቀረ ጉቶ የሚሞቀው ዙሪያው ነው። ግን አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ንጹሑ 660 ዲግሪ ሲደርስ ዝም ብሎ ይቀልጣል፤ የቴስታታ ቅይጥ ደግሞ ከዚያም በታች። የተረጨውን ዘይት ሳትጠርጉም እሳት አታስጠጉ። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጠቢያ ከነካው ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት፤ ሲግል ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ሦስተኛውም እኩል ነው የተሰበረው፤ በዚህኛው ግን አልቸኮልኩም። ፊቱን በሞረድ ደልድዬ መሀሉን በሹል ብረት ነጥብ መታሁበት። ይቺን ነጥብ ማግኘት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አንድ ሚሊ ከመሀል ከወጣች ፑንታው ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ይሸሻል። በሦስት ሚሊ ጀመርኩ፣ አምስት፣ ከዚያ ስድስት ተኩል፤ ትራፓኖውን (መብሻ ማሽኑን) በዝግታ፣ ዘይት እያንጠባጠብኩ። የኤም 8 (የስምንት ሚሊ) ቡሎን የጥርሱ ሥር ውፍረት ስድስት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ መሀል ላይ ከበሳችሁ የሚቀረው እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ቀጭን ክር ብቻ ነው። በሹል ነገር ጫፉን ያዝኩና ተተርትሮ መጣ። ከዚያ በታፕ፣ የቀዳዳ ጥርስ በሚያወጣው መሣሪያ፣ ጥርሱን አጸዳሁት። መነጽር ግን አድርጉ፤ የብረት ብናኝ ቀልድ አያውቅም።

መልሶ ለማሰር አዲስ ቡሎንና ዳዶ ይዣለሁ፤ ጥርሱ ላይ ሙቀት የሚችል የመከላከያ ቅባት ስስ አድርጌ ቀብቻለሁ። የተቀባ ጥርስ ስለሚንሸራተት ለደረቅ በተጻፈው ልክ ካጠበቃችሁት ከሚገባው በላይ ይጎተታል። እኔም ቀነስ አድርጌ ነው የማስረው።

ሰባቱ ቀዳዳ ተዘጋጅቷል። ስምንተኛው ውስጥ ያ የሰበርኩት ማውጫ እንደተሰነቀረ ነው። በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት የሚበላ ማሽን ያለው ቤት አግኝቻለሁ፤ ለዚያ ግን ቴስታታው መውረድ አለበት። የቴስታታውን ቡሎኖች ዛሬ ማታ ዘይት አጠጣቸዋለሁ።