ጠረጴዛው ሄደ፣ መብራቱ ቀረ

ለፋሲካ ሳሎኑን ትንሽ እንቀያይረው ተባባልንና የምግብ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠጋነው፣ ኮንዶሚኒየማችን ቪላ መሰለ ደስ አለን። ለካ ከኮርኒሱ የተንጠለጠለው መብራት ከጠረጴዛው ጋር አብሮ አይሄድም ሃሃሃ። ጠረጴዛ ላይ እንዲያበራ ዝቅ ተደርጎ የተሰቀለ ነገር ነው፣ አሁን መተላለፊያው መሃል ላይ በሰው ግንባር ልክ ተገትሮ ቀረ። እኔ አጭር ስለሆንኩ በስሩ ሽው ብዬ ነው የማልፈው። የባሌ አጎት ጋሼ ግን ቁመታቸው የክቡር ዘበኛ ነው፣ በፋሲካ ጠዋት "እንኳን አደረሳ..." ብለው ሳይጨርሱ ጓ!

ባሌ ደግሞ ለዚች ኤሌክትሪሺያን አይጠራም ባይ ነው። የበጉን ገመድ (በጉማ ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል) አምጥቶ መብራቱን ወደ ጠረጴዛው ጎትቶ መጋረጃው ጋ አሰረው። ዘመም ብሎ ቢንጠለጠልም ዶሮ ወጡ ላይ አበራ፣ እኛም አጨበጨብን።

ቡና ተፈልቶ እጣኑ ሲበዛ አማቴ "ኧረ አየር እናግኝ ልጆች" ብለው ተነስተው መጋረጃውን ሳብ! ባሌ ገመዱን ያሰረው ለካ ብረቱ ላይ ሳይሆን ቀለበቱ ላይ ነው፣ ቀለበቱ ተስፈንጥሮ ወጣ፣ መብራቱ የሰውን ሁሉ አናት እየሳተ ተወርውሮ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ፣ እዛ ቦታ ላይ ደግሞ ማን ቢኖር ጥሩ ነው፣ ጋሼ እጃቸውን ታጥበው እየመጡ። ያቺው ግንባር። "ቆይ እኔ ይሄን መብራት ምን በድዬው ነው?" አሉ ፎጣቸውን እንደያዙ። አማቴ ጸበል አምጡ አሉ፣ እኔ ኩሽና ገብቼ አፌን ይዤ ሳቅኩ።

ከበዓል በኋላ ኤሌክትሪሺያን መጣ። ባሌ አጅሬ "ፊሸር መተህ መንጠቆ ማስገባት ነው" እያለ ያስተምረዋል (ፊሸር ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ቡሎን የሚይዘው ፕላስቲክ ነው)፣ ልጁ ዝም ብሎ ቆጣሪውን አጠፋና በሳው፣ ፊሸሩ ገብቶ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ጣሪያችን ድፍን ኮንክሪት አይደለም፣ ቢሞቹ መሃል የተደረደረው ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ስለዚህ ውስጥ ገብቶ ክንፉን የሚዘረጋ ቡሎን ነው የሚይዘው። የድሮውን መስመር ሳይነካ ገመዱን በረዘመ ቀየረው፣ ከጣሪያው ስር ስቦ በአዲሱ መንጠቆ አሳልፎ ጠረጴዛው ላይ አወረደው፣ ከጠረጴዛው በላይ ከ75 እስከ 90 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ከዛ ካነሰ የተቀመጠ ሰው ፊት ይጋርዳል አለን። በድሪሉ ጩኸት የላይ ቤት ጎረቤታችን "ወለሌን ልትደረምሱት ነው?" ብለው ወርደው፣ ሶስተኛውን ጠጥተው ተመለሱ።

ጋሼ ግን እስካሁን እዛ ቦታ ሲደርሱ ጎንበስ ይላሉ፣ ምንም የለም እያልናቸው። ባለፈው ከሳቸው ኋላ የገባ እንግዳ ሲያጎነብሱ አየና እሱም ጫማውን አውልቆ አጎንብሶ አማተበ፣ ከዛ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞሮ "ማርያም ናት?" አለኝ። ግድግዳው ላይ ያለው የቢራ ካላንደር ነው።