መብራት ሲመጣ የሚጠፋው ኢንተርኔት

ጎንደር ላይ መብራት ሲሄድ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ማንም አይገርመውም። የእኛ ግን የሚቋረጠው መብራቱ ሲመለስ ነበር። የማራኪው ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ ስልክ ደውለው፣ «ልጄ፣ በጄኔሬተር ስንሠራ ደህና ነበር። መብራት መጣ ብለን ደስ ሲለን ጠፋብን እኮ!» አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በራሱ ይስተካከላል።

ከማራኪ ወደ ኢንተርኔት መውጫው ራውተር (የመረጃን መንገድ የሚመራ መሣሪያ) ሁለት የኔትወርክ መንገድ አለን። አጭሩ በፒያሳ፣ ረጅሙ በአዘዞ ያልፋል። የፒያሳው ራውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆየው መጠባበቂያ) ባትሪው ደክሟል፤ መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። ያኔ ኦኤስፒኤፍ፣ ማለትም ራውተሮች የውስጡን መንገድ የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ትራፊኩን በአዘዞ ያዞረዋል፣ ሥራ ይቀጥላል።

ፍንጩን ያገኘችው አብራኝ የምትሠራ ወጣት ኢንጂነር ናት። «ጋሼ፣ የውስጥ ሰርቨሮቹ ፒንግ (የመድረስ መሞከሪያ መልእክት) ይመልሳሉ። የማይመልሰው የውጭው ብቻ ነው» አለችኝ። ትሬስራውት (መረጃው የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በተራ የሚያሳይ ሙከራ) ስታደርግ ፒያሳ ላይ ቀጥ ይላል። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

የፒያሳው ራውተር እንደተነሳ ኦኤስፒኤፍ ከጎረቤቶቹ ጋር ቶሎ ይገናኛል። የውስጡን መንገድ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤቶቹም አጭሩ መንገድ ተመለሰ ብለው ትራፊኩን ይለቁበታል። የውጭውን መንገድ የሚያመጣለት ግን ቢጂፒ የተባለው ሌላ ደንብ ነው፤ እሱ ደግሞ ተገናኝቶ ዝርዝሩን እስኪሞላ ደቂቃዎች ይፈጃል። ዕቃ ሳያስገባ ሱቁን የከፈተ ነጋዴ በሉት። እስከዚያ ድረስ ወደ ውጭ የሚሄደውን ፓኬት (የመረጃ እሽግ) ሁሉ ይጥለዋል።

«ባትሪውን ቀይሩና ተገላገሉ» ያሉን ነበሩ። ባትሪውማ መቀየር አለበት። ግን ራውተር ሶፍትዌር ሲታደስም ይነሳል፤ ችግሩ ያው ነው።

መላው እ.ኤ.አ. በ2001 አርኤፍሲ 3137 በተባለው የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ ተጽፏል፤ በ2013 በአርኤፍሲ 6987 ታድሷል። ራውተሩ ለጊዜው ስተብ ራውተር፣ ማለትም ሌላ መንገድ እያለ መተላለፊያ የማይደረግ ራውተር፣ ይሆናል። ከሌሎች ራውተሮች ጋር የሚያገናኙትን ሊንኮች ዋጋ 65535 ብሎ ያውጃል፤ በ16 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ነው። ያኔ የአዘዞው መንገድ ረክሶ ይገኛል፤ ራውተሮቹም ርካሹን ይመርጣሉ። የራውተሩ የራሱ አድራሻ ግን እንደ ወትሮው ስለሚደረስ ከርቀት ገብተን እናየዋለን።

በሲስኮ ኩባንያ ራውተር ላይ «ማክስ-ሜትሪክ ራውተር-ኤልኤስኤ ኦን-ስታርትአፕ ዌይት-ፎር-ቢጂፒ» የሚለውን ትዕዛዝ አስገባን። ቢጂፒ ሲጨርስ፣ ካልጨረሰም 600 ሴኮንድ ሲሞላ፣ ዋጋው ወደ ቦታው ይመለሳል። በቀጣዩ የመብራት መጥፋት ማራኪ ምንም አልተሰማውም።

ኃላፊያችን «በዚያ ሰዓት የአዘዞው መስመር ቢቆረጥስ?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። 65535 ውድ ነው እንጂ ዝግ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ከሌለ ትራፊኩ በፒያሳ ያልፋል። በእኔ እይታ የበለጠ መጠንቀቅ ያለባችሁ፣ ራውተራችሁ ራሱ ዲፎልት ራውት (ሌላ መንገድ ለማይታወቅለት ሁሉ የሚሆን መንገድ) የሚያውጅ ከሆነ ነው። ይህ ትዕዛዝ ብቻውን የሚያዞረው አቋርጦ የሚያልፈውን ትራፊክ ነው። ለዲፎልት ራውቱ «ኤክስተርናል-ኤልኤስኤ» የሚለውን ጨምሩበት።