ከፈረሱ በፊት ከብቱ

ቅዳሜ ማታ ነው። ጭኖቼ ዝለዋል፣ ልብሴ አሁንም የሜዳውን አቧራ ይሸታል። ቢሆንም ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ መተኛት አልፈለግሁም።

ካቲንግ የሚባለውን የፈረስ ስፖርት የምማረው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ዌዘርፎርድ በተባለች ከተማ አጠገብ ነው፤ ከዳላስ ወደ ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል። ከተማዋ ራሷን የዓለም የካቲንግ ፈረስ ዋና ከተማ ትላለች። ካቲንግን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረሰኛው ቀስ ብሎ መንጋ ውስጥ ይገባል። አንዲት ጊደር ለይቶ ያወጣል። ጊደሯ ወደ መንጋዋ ለመመለስ ትታገላለች፣ ፈረሱ ደግሞ ፊቷ እየተደቀነ ይከለክላታል። ጊዜው ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ አብዛኛው ሰው ሁለት ወይም ሦስት ከብት «ይሠራል»፣ ማለትም ለይቶ አውጥቶ ይከለክላል። አራት ረዳት ፈረሰኞች አሉ። ሁለቱ መንጋውን ይይዛሉ፣ ሁለቱ የወጣችው ጊደር ሜዳውን አቋርጣ እንዳትሮጥ ይመልሷታል። ዳኛው ከ60 እስከ 80 ነጥብ ይሰጣል።

ዋናው ሕግ የእጅ ነው። ጊደሯ ከተለየች በኋላ ዛብ የያዘው እጅ ወደ ፈረሱ አንገት ይወርዳል፣ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ፈረሱን በዛብ መምራት ያስቀጣል። መቼ እንደሚቆም፣ ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው ፈረሱ ራሱ ነው።

እኔ ያደግሁት እንጅባራ አካባቢ ነው። በአዊ ፈረስ ምን እንደሆነ ለሀገሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። ጥር 23 የፈረሰኞቹን በዓል ያየ ያውቀዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ግልቢያ ዛቡ በእጅ፣ ፈረሱም በዛቡ የሚታዘዝበት ነው። ስለዚህ እዚህ የተማርኩት ትልቁ ነገር የማውቀውን መተው ሆነ። ፈረሱ በድንገት ሲቆም ሰውነቴ ወደ ፊት መሄድ ይፈልጋል። አሠልጣኜ ደግሞ «ተቀመጥ! ከኮርቻው ጋር ተጣበቅ!» ይላሉ። ቀኝ እጅ ከኮርቻው ፊት ቀጥ ብሎ የቆመውን ሆርን የሚሉትን ነገር ወደ ፊት ይገፋል። አይጎትትም፣ ይገፋል። ያን ጊዜ ዳሌ ኮርቻው ላይ ይረጋል፣ ወገብ ይለሰልሳል። የምጋልባት ዳማ ባዝራ የእሳቸው ናት፤ ከፊት ዝቅ ብላ ወደ ግራ ስትወረወር በዓይን እንኳ ለመከተል ትከብዳለች። እንዲህ ያለ ፈረስ ላይ መቀመጥ ትልቅ ዕድል ነው፣ ሁልጊዜ አመሰግናለሁ።

ስፖርቱ ከሥራ የመጣ ነው። አጥር ባልነበረበት ዘመን የብዙ ባለቤት ከብት በአንድ ሜዳ ተቀላቅሎ ይሰማራ ነበር። በዓመቱ ተሰብስቦ በየምልክቱ ሲለይ፣ መንጋውን ሳይበትን አንዱን ብቻ የሚያወጣ ፈረስ ከሁሉም በላይ ይከበር ነበር። በጽሑፍ የሚታወቀው የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1898 ቴክሳስ ውስጥ ሃስክል በተባለች ከተማ ነው። ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሳም ግሬቭስ የተባለ ሰው ኦልድ ሃብ በሚባል ያረጀ ፈረስ አሸንፎ 150 ዶላር ወሰደ። የአሜሪካ ብሔራዊው የካቲንግ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1946 እዚያው ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ከተማ ላይ ተቋቋመ። ዛሬ ትልቁ ውድድር የሦስት ዓመት ፈረሶች የሚቀርቡበት ፊውቹሪቲ ነው፤ በየፈረንጁ ዓመት መጨረሻ እዚያው ፎርት ዎርዝ ይደረጋል። እኔ እስካሁን ከተመልካች ወንበር ነው ያየሁት።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፈረስ ነው። ስለ ዘሩ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ዋጋው። እኔ ግን ከቀን ወደ ቀን ዓይኔ የሚሄደው ወደ ከብቱ ነው። ልጅ ሆኜ እረኛ ነበርኩ። የትኛዋ ጊደር አጥር እንደምትጥስ፣ የትኛዋ ቆማ እንደምታስብ ከሩቅ ይታየኛል። ጭንቅላቷን ሽቅብ ወርውራ ከመንጋው ጀርባ የምትሽሎከለከውን አልፈልጋትም፤ ፈረሱ ሥር ሰንጥቃ ታልፋለች። ከብት ካመለጠ ደግሞ አምስት ነጥብ ይሄዳል። መሐል ቆማ ፈረሱን በሁለት ዓይኗ የምታየውን፣ ሲጠጓት ረጋ ብላ የምትራመደውን እመርጣለሁ። እሷ ፈረሱን እያየች ትጫወታለች፣ ፈረሱም ያለውን ሁሉ ያሳያል።

ከብት ቶሎ ይማራል። ደጋግሞ የተሠራ ከብት ይሰለቻል፣ መሮጡን ይተዋል። ለዚህ ነው በልምምድ ቀን ብዙውን ጊዜ በሞተር በገመድ ላይ የሚመላለስ ጨርቅ ፊት የምንሠራው። ጥሩ መሣሪያ ነው። ሆኖም ጨርቅ አያስብም፤ የእውነተኛዋ ጊደር ጆሮ የሚነግረኝን አይነግረኝም። በውድድር ላይም ለእያንዳንዱ የፈረሰኞች ምድብ አዲስ መንጋ ይገባለታል። በምድቡ መጨረሻ የሚገባ ሰው የትኞቹ እንደተሠሩ ማስታወስ አለበት። ስለዚህ አጥሩ ላይ ቁጭ ብዬ በቃሌ እይዛቸዋለሁ፦ ቡሬዋ ተሠርታለች፣ ዳልቻዋ ታመልጣለች፣ ያቺ ቀንደ ጎዶሎ ገና አልተነካችም።

በስልክ ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ጊደሯስ አትጎዳም ልጄ?» ብላ ነው። ደስ አለኝ፤ እሷም ከብቱን ነው ያየችው። አይነኳትም፣ አትታሰርም፣ ሲያበቃ ወደ መንጋዋ ትመለሳለች አልኳት። ጊደሯን መተውም ራሱ ሕግ አለው። ጊደሯ ቆማ ወይም ጀርባዋን ሰጥታ ካልሆነ መተው ሦስት ነጥብ ያስቀጣል።

ዛሬ ትንሽ የአካባቢ ውድድር ነበር። መንጋው ሲረጋ አጥሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ከእኔ በብዙ ዓመት የምትቀድም ጋላቢ ፈረሷን ይዛ መጣችና «የትኛዋን ልውሰድ?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚህ በፊት አልነበረም። ከመንጋው መሐል ጎኗ ላይ ነጭ ያላትን ቀይ ጊደር አሳየኋት። ሕጉ ቢያንስ አንዱን ከብት ከመንጋው ውስጥ ድረስ ገብቶ ማውጣት ያስገድዳል፣ ያቺ ደግሞ በትክክል መሐል ላይ ነበረች። ገባች። መንጋው እንደ ውኃ በሁለት በኩል ፈሰሰላት፣ ቀይዋ ብቻ ፊቷ ቀረች። እጇን አወረደች። ፈረሱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ጊደሯም ዓይኗን ሳትነቅል። ሰባ ሦስት ነጥብ አገኘች። ስትወጣ ባርኔጣዋን ነካ አደረገችልኝ።

ቀይዋን ለራሴ አስቤያት ነበር፣ ተራዬ ትንሽ ቆይቶ ስለነበረ። አልቆጨኝም። ከወዲያ ጥግ አንዲት ቦቃ በዓይኔ ይዤ ነበር።