ጋዙ የት ሄደ?

ከሰዓት ጀምሮ ሆድ ብሶኛል። ምን ሆንክ ብባል መልስ የለኝም።

እትዬ ማ. ጠዋት ደውለው ትልቁ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ እንዳቆመ ነገሩኝ። "ጋዝ ጨርሷል መሰለኝ ልጄ፣ ይዘህ ና" አሉኝ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ሄጄ ሶኬቱን ነቅዬ ክዳኑን ስፈታ ግን የኮንደንሰሩ (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) ክንፎች ጭራሽ አይታዩም፤ አቧራው ከቅባት ጋር ተላቁጦ እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኗቸዋል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ ይግላል፣ መከላከያው ያጠፋዋል፣ ሲበርድ ደግሞ ይነሳል። ክንፎቹ እንዳይታጠፉ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጠረግኳቸው። የበሩንም ጎማ ፈተሽኩ፤ ወረቀት አስገብቼ በሩን ዘግቼ ስስበው በማጠፊያው በኩል ሳይዘኝ ወጣ። በዚያ በኩል እርጥብ አየር እየገባ ነበር ማለት ነው። ጎማውን ቀየርኩት። አመሻሹ ላይ ውስጡ ከ5 ዲግሪ በታች ወርዶ ነበር። ጋዙን አልነካሁትም።

ከዚያ በኋላ ግን ሐሳቤ ሌላ ቤት ሄደ። እዚያ ያለው የማቀዝቀዣ ማሽን በየጊዜው ጋዝ ይሞላለታል። በረዶ የሚይዘው የኢቫፖሬተሩ (ውስጡን የሚያቀዘቅዘው ቱቦ) መግቢያ አካባቢ ብቻ ነው፤ ቀሪው ቱቦ ደረቅ ነው። የጋዝ ጉድለት ዋና ምልክቱ ይሄ ነው። ግን እኮ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም! በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ። ከጎደለ፣ የሆነ ቦታ ላይ ያፈሳል፤ ብዙ ጊዜ የተበየደ መጋጠሚያ ላይ፣ ወይም ንዝረት መዳቡን ከብረት ጋር ያፋተገበት ቦታ። የሳሙና አረፋ ቀብቶ በትዕግስት ማየት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላ ሰው የሚሞላው አየሩን ነው።

ያ ማሽን የሚሠራው አር-404ኤ በሚባል የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። አንድ ኪሎ አር-404ኤ አየር ላይ ሲለቀቅ፣ በ100 ዓመት ስሌት ከ3,900 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያመጣውን ያህል ሙቀት ያመጣል። አገሮች በ2016 ኪጋሊ ላይ እንዲህ ያሉትን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የተስማሙት ለዚህ ነው። ቀለም የለው፣ ጭስ የለው፣ ሲወጣ ማንም አያየውም። ባለቤቱ የሚያየው የሚበላሽበትን ዕቃ ብቻ ነው፤ በዚህም አልፈርድበትም፣ ጉሮሮው ነው።

በቅርቡ እንደሚደውል አውቃለሁ። "ለዛሬ ብቻ ሙላልኝ፣ ቀዳዳውን ሌላ ቀን ትፈልጋለህ" ይለኛል። ቀዳዳውን ለመፈለግ ዕቃው ከውስጡ ወጥቶ ማሽኑ ግማሽ ቀን መቆም አለበት፤ እሱ ደግሞ ግማሽ ቀን የለውም። እምቢ ብለው ሌላ ሰው ጠርቶ ያስሞላል። እሺ ብለው ደግሞ የምሞላው እኔው ነኝ። ታዲያ ምን ልበለው?