የጣሪያው መስታወት

ዛሬ ከአጎቴ ጋር ጋራዥ ዋልን። የቅንጡ መኪናው የጣሪያ መስታወት መንገድ ላይ በጠጠር ተመቶ ድቅቅ ብሏል። አዲሱ ከዱባይ መጥቷል። (ዋጋውን አትጠይቁኝ!)

አጎቴ ቸኩሏል፤ መካኒኩ ግን ወይ ፍንክች። መስታወቱ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ የስኳር ቅንጣት የምታክል ስብርባሪ በብሩሽ ይለቅማል።

«ጋሼ፣ አንዷ ከቀረች ሲከፈት ሲዘጋ ትይዘዋለች» አለ።

ቀጥሎ በሃይላንድ ውሃ አምጥቶ የጣሪያው ክፍተት ማዕዘን ላይ ጠብ ጠብ አደረገ። ውሃው በቀጭኗ ቱቦ ወርዶ ከመኪናው ስር ሲንጠባጠብ ነው ፈገግ ያለው። ቱቦዋ ከተደፈነች ክረምት ላይ ዝናቡ ወንበር ላይ ነው የሚወርደው።

ሁላችንም የጣሪያውን ስፋት እናደንቃለን እንጂ ስለዚህች ቱቦ የሚጠይቅ አላየሁም። ሻጮቹም ትንፍሽ አይሉም። እኔማ ያገለገለ መኪና ለማየት ስሄድ ሃይላንዴን ይዤ ነው።