ሁለተኛው ሰው ከመኪናው ሲወርድ

ራሱን በሚነዳ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ከመንዳት ይከብዳል። ነጂ እጁም እግሩም ዓይኑም ሥራ አላቸው። ጠባቂ ግን ለሰዓታት ምንም ሳይነካ ቆይቶ በቅጽበት ሁሉንም እንዲሠራ ይጠበቅበታል። መኪናው ጎበዝ በሆነ ቁጥር ንቃቱ ይላላል።

እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2018 ማታ፣ አሜሪካ፣ አሪዞና ቴምፔ ላይ የታክሲ ጥሪ ኩባንያው ኡበር ራሱን የሚነዳ የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ተጠባባቂ ሹፌሯ ላይ ነው። መርማሪዎች ዓይኗ ስልኳ ላይ እንደነበር አረጋግጠዋል፤ ጥፋት ነው። የሥራው አደረጃጀትስ?

ቀድሞ በየመኪናው ሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ መንገዱን ያያል፣ ሌላው ኮምፒውተሩን ይከታተላል። ከአደጋው ወራት አስቀድሞ ኩባንያው ሁለተኛውን አስወረደ። እሱ መዝጋቢ ብቻ አልነበረም፤ «ስልክሽን አስቀምጪ» የሚል ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ያንኑ መስመር ብቻን መመላለስ ነው። ውስጥ ካሜራ ነበር፤ አለቆች ግን ቅጂውን የሚያዩት ከስንት አንዴ ነው።

የሚያንገበግበኝ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ናቸው። መኪናው ሴትየዋን ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሄድ ይህ ከ100 ሜትር በላይ ርቀት ነው። ነገር ግን አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ ብስክሌት፣ አንዴ ያልታወቀ ነገር ይላታል፤ ስያሜውን በለወጠ ቁጥር የቀድሞ እንቅስቃሴዋን ይጥልና አቅጣጫዋን እንደ አዲስ ያሰላል። ሊገጫት እንደሆነ የገባው 1.2 ሰከንድ ሲቀር ነው። ያኔም ፍሬን አልያዘም፤ በከንቱ ስጋት እንዳይቆም ተብሎ አንድ ሰከንድ እንዲታገሥ ተሠርቷል። መኪናው ቮልቮ ነበር፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የድንገተኛ ፍሬን ደግሞ መኪናው በራሱ ሲነዳ እንዲጠፋ ተደርጓል። ማስጠንቀቂያው የጮኸው 0.2 ሰከንድ ሲቀር ነው። መንገዱን አፍጥጦ የሚያይ ሹፌር እንኳ በዚያ ቅጽበት እግሩን ፍሬን ላይ አያደርስም። ማሽኑ ማንነቷን መለየት ሲያቅተው ያኔውኑ ለሹፌሯ ቢናገር ኖሮ፣ ቀና ለማለት ጊዜ ነበራት። ጥርጣሬውን ለራሱ ያዘው።

የጠባቂ መዘናጋት ደግሞ ለሙያው አዲስ አልነበረም። ጎግል ከዓመታት በፊት መኪኖቹን ለሠራተኞቹ ሰጥቶ በካሜራ ሲያያቸው አውራ ጎዳና ላይ ያንቀላፋሉ፣ ይኳኳላሉ። ስለዚህ ሰው እየጠበቀው የሚሄድ መኪና መሥራቱን ተወ።

ኡበር በ2018 መጨረሻ ሙከራውን ፒትስበርግ ላይ ሲቀጥል በየመኪናው ሁለት ሰው አስቀመጠ። ዐቃቤ ሕግ ኩባንያውን በወንጀል አልከሰሰም። ሹፌሯ በ2023 ጥፋተኛነቷን አምና የ3 ዓመት አመክሮ ተፈረደባት።