ፅንሱ በማህፀን ውስጥ እያለ

ደብረ ማርቆስ በምሠራበት ሆስፒታል ዛሬ ያየሁትን ሳልጽፍ መተኛት አልቻልኩም። ከገጠር የመጣች የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ሆዷን ይዛ ገባች። በአልትራሳውንድ ፅንሱ በማህፀኗ ውስጥ ታየ፤ ልቡ ይመታል። እናቷ «እመ ብርሃን ትመስገን!» ብለው እልል አሉ። ብዙ ጊዜ ምርመራው እዚህ ላይ ያበቃል።

ሐኪሟ ግን አላቆመችም። ልጅቷ ፊቷ ገርጥቷል፣ የደም ግፊቷ ወርዷል፣ «ትከሻዬን ያመኛል» ትላለች። በሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ሲነካ ሕመሙ የሚሰማው ትከሻ ላይ ነው። ጎን ለጎን ስትፈልግ ሌላ ፅንስ በቀኝ የማህፀን ቱቦ ውስጥ አገኘች፤ ቱቦው ፈንድቶ ደም ይፈስሳል።

በተፈጥሮ በሚመጣ እርግዝና እንዲህ አንዱ ፅንስ በማህፀን ሌላው ከማህፀን ውጭ መሆኑ ከ30,000 አንድ ጊዜ ገደማ እንደሚያጋጥም ለረጅም ዘመን ሲገመት ኖሯል። እንቁላልና ዘር በቤተ ሙከራ ተዋህደው በሚገኝ እርግዝና ግን እጅግ ይበዛል። የእርግዝና ሆርሞን ምርመራ እንኳ አይለየውም፤ የማህፀኑ ፅንስ የሆርሞኑን መጠን ደህና አስመስሎ ያሳያል። ከማህፀን ውጭ ለሚፈጠር እርግዝና የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት የማህፀኑን ልጅ ስለሚጎዳ ለእርሷ አይሆንም። ያለው መንገድ ቀዶ ሕክምና ነበር።

እህቶቼ፣ «ልጁ በቦታው ነው» ብትባሉም ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የደም መፍሰስ ወይም ራስን መሳት ከመጣ እባካችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ።

ቱቦው ወጣ፣ ደም ተሰጣት፤ እርሷም የማህፀኑ ልጅም እስከ አሁን አሉ። ነገ ጠዋት አልትራሳውንድ ይደገምላታል።